ሮዝ ቅጽ ወደ መስኮት ሦስት

መስከረም 14

ለወንድሜ ልጅ፣ ባሕር ማዶ ላለሽው፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ያ የማይለቅሽ ጉንፋን እንዴት ናቸው? ፈጣሪ ደጅሽን ሰፊ፣ አለቃሽን ለስላሳ ያድርግልሽ። እኔ ደህና ነኝ። አክስትሽም ደህና ናት፤ ይህን ስጽፍ ትከሻዬ ላይ ቆማ "መስመሩን ያዝ፣ ወደ ታች እየተንሸራተትክ ነው" ትለኛለች።

አዎ፣ የምታነቢው የገዛ እጄን ጽሑፍ ነው። የማታ ትምህርቱን የመጀመሪያ ደረጃ ጨረስኩ። ከሃያ ሦስት ተማሪ አንደኛ ወጣ የሚል ወሬ ብትሰሚ እውነት ነው፤ ወሬውን ያስወራሁት እኔ ብሆንም። መምህራችን የልጅ ልጄን የምታክል ልጅ ናት። "አባባ፣ እንደ እርስዎ ያለ ተማሪ አጋጥሞኝ አያውቅም" አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲመረምሩት ይበላሻል። እንዳይምታታብሽ ግን፣ ማንበብ ድሮም አውቃለሁ። ወደ ኋላ የቀረው እጄ ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ለአክስትሽ በስልክ እንደነገርሻት፣ የምትሠሪበት ድርጅት የኛን ባንክ ዘረፋ ፊልም እያደረገው ነው። እንኳን ደስ አላችሁ። እኔ ይህን ታሪክ አርባ ዓመት ሙሉ በየፀጉር ቤቱ በነጻ ሳወራው ኖሬያለሁ። ታውቂዋለሽ፤ ቢሆንም በጽሑፍ ይኑር። የባንኩ ዘበኛ ነኝ፣ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ሦስት ሰዎች ሙሉ ልብስ ለብሰው መጡ። አንዱ ወረቀት ሰጠኝ። "ይህ ዘረፋ ነው፤ ጠመንጃህን መሬት አስቀምጥ፤ አትጩህ" ይላል። አነበብኩ። ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ጠመንጃዬን ግን አላስቀመጥኩም። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ አይነኬ ይለኛል፤ ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ግን ተቀብለውታል።

ገንዘብ አልጠይቅሽም። ጫማም አልጠይቅሽም። የምለምንሽ ቁመት ነው። እኔን ሆኖ የሚጫወተው ሰው ረጅም ይሁን። ስልክ አትደውዪ፤ ጻፊልኝ። መልስሽን ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ ላነበው ቃል ገብቻለሁ።

አጎትሽ አይነኬ


ጥቅምት 2

ለተከበሩ አጎቴ፤

እርስዎም አክስቴም ሁልጊዜ በጤና እንድትቆዩልኝ ምኞቴ ነው። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ሦስት ጊዜ አንብቤ ከፊቴ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። እዚህ ግድግዳ ብርቅ አይደለም። የምሠራበት ክፍል መስኮት የለውም፤ ሁለት ስክሪን፣ አንድ ጎማዋ የወለቀ ወንበርና እኔ ብቻ ነን። ሥራዬን አክስቴ "ፊልም ትቆርጣለች" ብላ የምትነግርዎት እውነት ነው። ቀረጻው አልቋል። ስልሳ ሰዓት ሥዕል አምጥተው ይሰጡኛል፤ እኔ እየቆረጥኩና እየቀጠልኩ ሁለት ሰዓት አደርገዋለሁ።

ችግር ግን ገጥሞናል። ፊልሙ ጠባዩ አልታወቀም። የመጀመሪያው ግማሽ ቀልድ ነው፦ ሰፋፊ ሱሪ፣ የድሮ መኪና፣ ዘራፊዎቹ በሙሉ ልብስ ቀለም ሲጣሉ፣ ከኋላ የሚያስጨፍር ሙዚቃ። ከዚያ ጥይቱ ይተኮሳል፣ ገንዘብ ከፋይዋ እጇ ላይ ትቆስላለች፣ ፊልሙም በአንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ይሆናል። ዳይሬክተሩ "እውነተኛ ታሪክ እንዲህ ነው፣ ግማሹ ሳቅ ግማሹ እንባ" ይላል። ለሙከራ ለሠላሳ ሰዎች አሳየነው። ጥይቱ ከተተኮሰ በኋላ ሳቁ። አንዲት ሴትዮ ስትወጣ "የትኛውን ፊልም ነው ያየሁት?" አለችኝ። ሁለት ጨርቅ በግድ የተሰፋ ይመስላል፤ ስፌቱ የሚታየው ደግሞ እርስዎ የቆሙበት በር ላይ ነው።

ስለዚህ እባክዎ ይንገሩኝ። ወረቀቱን ሲቀበሉ ፊትዎ ምን መሰለ? ምን አሉ? ምን ያህል ቆዩ?

ቁመቱን በተመለከተ፣ ተዋናዩ ባርኔጣ ሲያደርግ ረጅም ነው።

የወንድምዎ ልጅ


ጥቅምት 25

ለወንድሜ ልጅ፤

ሰላምታዬ ከዚህ ተነሥቶ ጎማዋ የወለቀው ወንበርሽ ድረስ ይድረስ። ደብዳቤሽን ክፍል ውስጥ አነበብኩት። "ስክሪን" የሚለው ላይ ትንሽ ተንገዳገድኩ፤ ሌላውን እንደ ውኃ አወረድኩት። ሥጋ ሻጩ፣ ከኋላ የሚቀመጠው፣ "ምኑ ነው የሚያስቃቸው?" ብሎ ተቆጣ። የኔ ወገን ነው።

የጠየቅሽኝን በቅደም ተከተል። አንደኛ፣ ምን ያህል ቆየሁ? ሰው ለማንበብ የሚቆየውን ያህል። ሁለተኛ፣ ምን አልኩ? "ተከተሉኝ" አልኩ፤ መስኮት ሦስት ወሰድኳቸው። ይህ ብልሃት ነው፤ መሃል ላስገባቸውና ላስከብባቸው። አክስትሽ "በማን?" አለችኝ። ለዝርዝር ጊዜ አልነበረኝም። ሦስተኛ፣ ፊቴ ምን መሰለ? ፊቴ ከእኔ ጋር ስለነበረ አላየሁትም።

በባርኔጣ ረጅም ነው ያልሽኝ አልተዋጠልኝም። ቢያንስ ጢሙ ጥቁር ይሁን፣ ቦት ጫማው እንደ መስታወት ያብራ፣ ባርኔጣው አንድ ጣት ወደ ግራ ያዘንብል።

የገንዘብ ከፋይዋ ነገር ያሳዝናል። እዚሁ ሰፈር ናት፣ በታችኛው መንገድ። እኔ በላይኛው ነው የምሄደው። ዳገት ለጤና ጥሩ ነው ይላሉ።

አጎትሽ አይነኬ


ኅዳር 9

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጤናዎን ከሁሉ አስቀድሜ እጠይቃለሁ። ይህን ደብዳቤ ግን ክፍል ውስጥ ከማንበብዎ በፊት ብቻዎን ያንብቡት።

ያልነገርኩዎት ነገር አለ፤ ፈርቼ ነው። በፊልሙ ውስጥ ዘበኛው የዘራፊዎቹ ተባባሪ ነው። ወረቀቱን ያነባል፣ ፈገግ ይላል፣ ይዟቸው ይገባል። ጽሑፉ የተሠራው ከፖሊስ መዝገብ ነው። መዝገቡ እርስዎ አሥራ አንድ ቀን ታስረው እንደተለቀቁ ይናገራል፤ ለምን እንደተለቀቁ ግን አንድ መስመር የለውም። ዘራፊዎቹ በሦስተኛው ቀን ተይዘው ለየብቻ ሲጠየቁ ሦስቱም ያሉት አንድ ነው፦ "ዘበኛውን ጓደኛዬ አግባብቶት መስሎኝ ነበር።"

ከዳይሬክተሩ ጋር ተጣልቻለሁ። "አጎቴ ጀግና ነው" አልኩት።

"አነበበ ትያለሽ?" አለኝ።

"አነበበ።"

"አንብቦ ጠመንጃውን አላስቀመጠም። አልጮኸም። አልተኮሰም። ሰልፉን አስዘልሎ በአክብሮት መስኮት ድረስ ሸኛቸው። ይህ ምንድነው?"

"ጀግንነት።"

"ጀግና ሌባን ሰልፍ አያስዘልልም" አለኝ።

ታኅሣሥ 5 ፊልሙ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ አንድ ሥዕል መንካት አይቻልም፤ እናንተ አገር ሲኒማ ቤትም ይመጣል። እስከዚያ ድረስ በር ላይ የሆነውን ይጻፉልኝ። ሲያወሩት የኖሩትን ሳይሆን የሆነውን።

የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር 20

ለወንድሜ ልጅ፤

ደህና ነሽ? እኛ ደህና ነን።

ቁመቱን ትቼዋለሁ። አጭር ይሁን። ጢምም ቦት ጫማም አያስፈልገው። እንዲያውም እኔን ጨርሶ አውጪኝ። መቀሱ በእጅሽ ነው። በሩ ላይ ማንም አይቁም፤ ነፋስ ይክፈተው።

ደብዳቤሽን ክፍል ውስጥ አላነበብኩትም። ጠፋ አልኳቸው። መምህራችን ፍለጋ ልትመጣ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ፊልሙን ሊያይ ተዘጋጅቷል፤ የቀሰቀስኩት እኔ ነኝ፣ በየሱቁ እየዞርኩ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 3

ለተከበሩ አጎቴ፤

በሩን ባዶ ማድረግ አልችልም። ያለ ዘበኛ ሦስቱ ሰዎች ዝም ብለው ይገባሉ፤ ፊልሙ የሚቆመው እዚያ ላይ ነው።

ሁለተኛው ሙከራ ከመጀመሪያው ባሰ። ሰው ዘበኛውን ጠላው፤ ከጠላው በኋላ ደግሞ ቀልዱ ሁሉ መረረው። በዚህ ምክንያት እስከ ታኅሣሥ 24 ተራዘመልን። የፖስታ ሳጥኔን በቀን ሁለቴ አያለሁ። አይቆጡኝና ለአክስቴ ደወልኩላት። "ወረቀት ይቀድዳል፣ ይጽፋል፣ ይቀድዳል። ደብተሩ አልቆ የኔን የወጥ ቤት ደብተር ጀምሯል" አለችኝ።

አጎቴ፣ ምንም ቢሆን የእኔ አጎት ነዎት። የቀደዱትንም ቢሆን ይላኩልኝ።

የወንድምዎ ልጅ


ታኅሣሥ 12

ለወንድሜ ልጅ፤

ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፤ አትቀየሚኝ። በፈጣን ፖስታ ነው የምልከው።

ማንበብ አልችልም ነበር።

ይኸው። ይህችን አንድ መስመር ለመጻፍ ስንት ወረቀት እንደፈጀሁ አክስትሽ ነግራሻለች።

ባንኩ ሲቀጥረኝ ማመልከቻዬን የጻፈልኝ አባትሽ ነው። "ማንበብና መጻፍ ይችላል" ብሎ ጨመረበት፤ ለደግ ነው። ከዚያ በኋላ በቀለም ነበር የምሠራው። ቢጫ ቅጽ መስኮት አንድ፣ ሰማያዊ መስኮት ሁለት፣ ሮዝ መስኮት ሦስት። ሰው ወረቀት ሲያሳየኝ የባንኩ ማኅተም ወዳለበት ገጽ እገለብጠዋለሁ፣ ቀለሙን አያለሁ፣ እንደ ዳኛ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ መስኮቱን እነግረዋለሁ። በስድስት ዓመት አንድ ሰው አላሳሳትኩም። በዚህ አሁንም እኮራለሁ፤ ይፈቀድልኝ።

ያን ዕለት ሰውየው የሰጠኝ በእጅ የተጻፈ ነገር ነበር። እንደ ልማዴ ገለበጥኩት። ሮዝ። ዘራፊዎቹ መልእክታቸውን የጻፉት በባንኩ በራሱ ቅጽ ጀርባ ላይ ነው፤ ወረቀት እንኳ ይዘው አልመጡም። ራሴን ነቀነቅኩና "መስኮት ሦስት ነው፤ ተከተሉኝ" አልኳቸው። በደንብ የለበሱ ሰዎች ስለሆኑ ሰልፉንም አስዘለልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። ጨዋነቴ ገርሟቸው መስሎኝ ነበር። አንዱ ግን ዓይኑን ከጠመንጃዬ አልነቀለም። መስኮቱ ጋ ደርሰን ዞር ስል የጠመንጃዬ አፈሙዝ አብሮኝ ዞረ። ሰውየው ደነገጠና ተኮሰ። ጥይቱ የገንዘብ ከፋይዋን ቀኝ እጅ አገኘው።

ባነብ ኖሮ ጠመንጃዬን አስቀምጥ ነበር። እንደ እኔ ያለ ጉረኛ ሲያነብ ይፈራል። ጠመንጃው መሬት ላይ ቢሆን ጥይት አይተኮስም ነበር። አርባ ዓመት ጀግንነት እያልኩ ያወራሁት ይህንን ነው። የማታ ትምህርት የገባሁትም ፊርማዬን ላሳምር ብዬ አይደለም።

ላንቺ ከመላኬ በፊት በታችኛው መንገድ ወረድኩ። በሯ ክፍት ነው። ጠረጴዛው ላይ ሽንኩርት ትልጣለች፣ በግራ እጇ፤ በቀኟ ክርን ደግፋ።

"አርባ ዓመት ዳገቱን ስትወጣ አይሃለሁ" አለችኝ። "አላደከመህም?"

"አንድ ነገር ልነግርሽ መጥቼ ነው።"

"ማንበብ አትችልም ነበር። ይኸው ነው?"

ሳልጋበዝ ወንበር ሳብኩ።

"ማን ነገረሽ?"

"አንተው። ወረቀቱን መስኮቴ ላይ አኖርክልኝ፣ ሮዙን ወደ ላይ አድርገህ፣ ማኅተሙን በጣትህ መታ መታ አድርገህ 'ሁሉም ተሟልቷል' አልከኝ። እኔ ገልብጬ አነበብኩት። ዘረፋው ተሟልቷል የሚል ዘበኛ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።"

ለካ ሐኪም ቤት ተኝታ ለመርማሪው ነግራዋለች። "ይህ ሰው ተባባሪ አይደለም፣ ፊደል አያውቅም። ግን እንዳትጽፈው፣ ከሥራ ያስወጡታል" ብላዋለች። ሰውየውም አልጻፈውም። መዝገቡ ላይ ያጣሽው መስመር እሱ ነው።

"በአሥራ አንደኛው ቀን ወረቀት ሰጥቶህ አልነበር?" አለችኝ።

"የክሴን ወረቀት። ከላይ እስከ ታች አይቼ 'ግማሹ ሐሰት ነው፣ አልፈርምም' አልኩት። ፈርቶ ለቀቀኝ።"

"የጣቢያው የልብስ አጠባ ዝርዝር ነበር፤ ሊፈትንህ ነው የሰጠህ። አሥራ ሁለት ሸሚዝ፣ ዘጠኝ ሱሪ። ሊጠይቀኝ መጥቶ ሲነግረኝ ቁስሌን ይዤ ነው የሳቅኩት።"

እሷ እንደገና ሳቀች፤ ቢላውን አስቀመጠች። ለእኔም ሳቁ ቆይቶ መጣልኝ።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"አንተስ ለምን አልነገርከኝም?"

ይቅርታ ጠየቅኳት። ምን ብዬ እንደሆነ አልጽፍልሽም፤ የሷ ነው። ቢላውን መልሳ አንሥታ "የተኮሰው እሱ ነው። አንተማ ቅጹን በትክክል ነው ያመጣኸው፤ ሮዝ ወደ መስኮት ሦስት" አለችኝ።

ስለ ፊልሙ ነገርኳት። እንዲህ በላት አለችኝ፦ "በወረቀቱ ይሳቁ። በእጄ ላይ ግን አይሳቁ።" እኔም የምለምንሽ ይኸው ብቻ ነው። የቀረውን እንዳለ አሳዪው፣ እኔንም እንዳለሁ።

ለአክስትሽም ተናዘዝኩ። "ታዲያ የጋብቻችንን ወረቀት ምን ብለህ ነው የፈረምከው?" አለችኝ። "ቀለሙ ደስ ብሎኝ" አልኳት።

አጎትሽ


ጥር 6

ለውድ አጎቴ፤

ሰላምታዬ ለእርስዎ፣ ለአክስቴና ለገንዘብ ከፋይዋ እኩል ይከፈል።

ደብዳቤዎን ለዳይሬክተሩ ሰጠሁት። ሁለት ጊዜ አነበበው። ይጮኻል ብዬ ስጠብቅ "ምን ዓይነት ሮዝ ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ። ያን ጊዜ እንዳሸነፍን ገባኝ።

ለቀረጻው የተሠራው የባንኩ በር ከፈረሰ ቆይቷል። ተዋናዩን ለግማሽ ቀን ጠርተን አንድ ግድግዳ ፊት አቆምነው። ወረቀቱን ይቀበላል፣ ይገለብጣል፣ ማኅተሙን ሲያገኝ ፊቱ ይበራል፣ "መስኮት ሦስት" ይላል። በቃ። የዘራፊዎቹን ግራ የተጋባ ፊት ከሌላ ቦታ አመጣሁት፤ መኪና የሚያቆሙበት አጥተው ሲተያዩ ከተቀረጸ ሥዕል። የሚያስጨፍረውን ሙዚቃ ከዳር እስከ ዳር አወጣሁት። ፈገግታውን፣ ያንን የተባባሪ ፈገግታ፣ ከፊልሙም ከኮምፒውተሩም አጠፋሁት።

ሦስተኛው ሙከራ ላይ ከኋላ ቆሜ ነበር። ወረቀቱ ሲገለበጥ ሰው ሳቀ። ሰልፉን ሲያስዘልላቸው ባሰባቸው። ሳቁ ገና አፋቸው ላይ እያለ ጥይቱ ተተኮሰ፤ ከዚያ በኋላ ወንበር እንኳ አልተንቋቋም። በእጇ ላይ ማንም አልሳቀም። ሁለቱ ጨርቆች አንድ ሆኑ አጎቴ፤ የሰፉት እርስዎ ነዎት።

ከሁለት ወር በኋላ እናንተ ጋ ይደርሳል። ሰፈሩ ከማየቱ በፊት ምን እንደሚያደርጉ አላውቅም። ቢፈልጉ ታምሜያለሁ ይበሉ፤ እኔ እመሰክራለሁ።

የወንድምዎ ልጅ


መጋቢት 18

ለወንድሜ ልጅ፤

ጤና፣ ዕድሜ፣ ባለ መስኮት ክፍል ይስጥሽ።

አልታመምኩም። በጥር የላክሽውን ደብዳቤ ክፍል ውስጥ ተነሥቼ አነበብኩት፤ ከዚያም እኔ በታኅሣሥ የላክሁልሽን በቃሌ ነገርኳቸው። ማንም አልሳቀም፤ ያስፈራኝ እሱ ነው። ከዚያ ሥጋ ሻጩ ጉሮሮውን ጠረገና "እኔ እስካሁን የሚዛኑን ቁጥር አላነብም፤ መርፌው የት እንደደረሰ ነው የማየው" አለ። አንዷ የሐኪም ቤት ጽዳት ሠራተኛ "እኔ በሮቹን የማውቃቸው በቀለማቸው ነው፤ ባለፈው ዓመት ቀለም ቀቡትና ለሦስት ቀን ጠፋሁ" አለች። መምህራችን ያን ምሽት አላስተማረችም፤ ስታዳምጥ አመሸች።

ፊልሙ ቅዳሜ ደረሰ። ሃያ ሦስታችንም ገባን፣ አክስትሽ በቀኜ፣ ገንዘብ ከፋይዋ በግራዬ። ተዋናይሽ አጭር ነው። ባርኔጣም አላዳነውም። ወረቀቱን ሲገለብጥ አዳራሹ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፣ ከሁሉ ቀድሜ ይመስለኛል፤ በዚህ አንደኛ ነኝ። ከፊቴ የተቀመጠው ሥጋ ሻጭ ዞሮ ያየኛል። "እኔን ምን ታያለህ፣ ከፍለህ የገባኸው ያንን ለማየት ነው" አልኩት። ጥይቱ ሲተኮስ ሁሉም ዝም አለ። ገንዘብ ከፋይዋ ዓይኗን ሳትነቅል አየች። አንዴ ብቻ "ሸሚዜ አረንጓዴ ነበር" አለችኝ።

መጨረሻው ላይ በጥቁሩ ላይ ጽሑፍ መጣ፣ እያንዳንዱ ሰው ምን እንደሆነ የሚነግረው። የዘራፊዎቹ አመለጠኝ። የሷ መጣ። ጠጋ አለችና "ጮክ ብለህ አንብብልኝ" አለችኝ።

"ገንዘብ ከፋይዋ… ከስድስት… ወር… በኋላ… ወደ…" አልኩ። ጽሑፉ ጠፋ። መብራት በራ፣ ሰው መውጣት ጀመረ።

"ወደ ምን?" አለችኝ።

"አንቺ እያወቅሽው?"

"ወደ ምን?"

በማግስቱ ሁለት ቲኬት ቆረጥኩ። ለአንድ ዐረፍተ ነገር ብለን ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጥን። ሰው እንደገና ሳቀ፣ እንደገና ዝም አለ። ጽሑፉ ሲመጣ ተነሥቼ ቆምኩ፤ ከኋላ ያሉት "ቁጭ በል" አሉኝ፣ አልሰማኋቸውም። "ገንዘብ ከፋይዋ ከስድስት ወር በኋላ ወደ መስኮት ሦስት ተመለሰች፤ በግራ እጇ እየጻፈች ሃያ ሁለት ዓመት አገለገለች።" አራት ነጥቡ ላይ ስደርስ ነው የጠፋው።

እሷ ቦርሳዋን አነሣች። "ሃያ ሦስት ነው" አለችኝ። "ተሳስተዋል። ለወንድምህ ልጅ ጻፍላት።"

ይኸው ጻፍኩልሽ። ሃያ ሦስት ነው።

አጎትሽ